ሃያ ሰባተኛው እጅ

ሰብሳቢዋ ቺዙሩ የስም መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችና «ጋሼ ኒሺጋኪ፣ በሞቴ፣ አሁን ደግሞ ምን ቀረህ?» አለች።

ስብሰባው ከተጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ተማሪዎቹ በምግብ አዳራሹ ወለል ላይ ተኮልኩለዋል፤ ገሚሱ ተጋድሟል። ጣሪያው እያፈሰሰ ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ይህን ማደሪያ ዘጠና ዓመት ሙሉ ያስተዳደሩት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ያወጡት ሕግም እስከ ዛሬ አልተነካም። የድምፅ ብልጫ ብሎ ነገር የለም፤ አንድ ሰው እምቢ ካለ ነገሩ ቀረ። ሁሉም እጁን ያወጣል፣ በመጨረሻ ሰብሳቢዋ ታወጣለች፣ ያን ጊዜ ጸደቀ ይባላል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ኒሺጋኪን ቢያውቁት ኖሮ ሁለቴ ያስቡበት ነበር።

ዩኒቨርሲቲው አሮጌውን ቤት ሊያፈርስ ነው። ማዶ ባሠራው አዲስ ሕንጻ ለሃያ ስድስቱም ተማሪዎች አንዳንድ ክፍል ይዞላቸዋል። ሁሉም ተስማምተናል የሚል ደብዳቤ ዛሬ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካልደረሰው ግን ክፍሎቹን ለሌሎች ይሰጣል። ኒሺጋኪ ምን ቸገረው፣ ወላጆቹ እዚሁ ከተማ ቤት አላቸው። ቺዙሩ ግን ውጭ ለመከራየት አቅሙ የላትም። ክፍሉን ካጣች ትምህርቷን ጥላ ወደ አባቷ መንደር ተመልሳ ዓሣ ላይ ጨው ስትነሰንስ መዋሏ ነው።

ኒሺጋኪ በመጀመሪያው ቀን በደብዳቤው አጻጻፍ ላይ ተከራከረ። ትናንት ደግሞ የግቢው ድመት ከማን ጋር እንደምትሄድ ሳይወሰን አልፈርምም ብሎ ሁለት ሰዓት በላ። ስምንት ዓመት ሕግ ተምሮ ያልተመረቀ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አለው? የቺዙሩ አንጀት ድብን ብሏል። በየሰዓቱ ሻይ የሚያመጡላቸው፣ ሁሉም አክስት የሚላቸው አሮጊቷ ወጥ ሠሪ እንኳ ዛሬ ትሪውን አስቀምጠው ሲመለሱ ራሳቸውን ነቅንቀዋል።

ኒሺጋኪ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ። እስማማለሁ አለ። ግን ሕጉ የሚለው ስም ተጠርቶ እጅ ይውጣ ነው፤ እነሱ ለስንት ዓመት ራስ እየቆጠሩ ሲገላገሉ ኖረዋል። ቤቱ ሊፈርስ ነው፣ ቢያንስ የመጨረሻው ስብሰባ በወጉ ይሁን።

አዳራሹ አጉረመረመ። ቺዙሩ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው። ከእሱ ጋር ከመጨቃጨቅ መጥራቱ ይቀላል። በወጉ መሠረት ከታናሽ ጀመረች፤ ታላቅን አይቶ እጁን የሚያወጣ እንዳይኖር። የአንደኛ ዓመቶቹ ተጠሩ፣ እጃቸው ወጣ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። የራሷን ስም ለመጨረሻ ዘለለችው። ከሁሉም በኋላ ኒሺጋኪ ተጠራና እንደ ዳኛ ቀስ ብሎ እጁን አነሳ።

ቺዙሩ እፎይ ልትል ስትል ከኒሺጋኪ በላይ አንድ ስም አየች። ጸሐፊዎቹ በየዓመቱ ሲገለብጡት የኖሩት ስም ነው። «ኩዋባራ ሂሳኖ፣ ክፍል ሦስት» ብላ አነበበች። የገባችበት ዘመን የዛሬ አርባ አንድ ዓመት ነው። ከኒሺጋኪም የባሰ አለ ማለት ነው ብሎ አንዱ አሳቃቸው፤ ሌላው ሰርዣት ብሎ ጮኸ።

«ስም የሚሰረዘው ባለቤቱ ሲስማማ ነው» አለ ኒሺጋኪ።

«እና የት ሄጄ ላምጣልህ?» ቺዙሩ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «አርባ አንድ ዓመት እኮ ነው ሰውዬ! ሞታ ይሆናል!»

«አልሞትኩም፣ ልጄ» የሚል ድምፅ ከወጥ ቤቱ መስኮት መጣ።

አክስት ነበሩ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው በሩዝ እጣቢ ርሷል። ሁሉም ዞሮ አያቸው። እሳቸውም አንድ የሠሩት ጥፋት የታወቀባቸው ይመስል አፍረው ተናገሩ። ለትምህርት ነበር የመጡት። በሁለተኛው ዓመት አባታቸው ታመሙና የሚከፍልላቸው ጠፋ። በዚያው ሰሞን የያኔው ወጥ ሠሪ ክንዱ ተሰብሮ ስለነበር ጭልፋውን ያዙ።

«እስኪሻለው ብዬ ነበር» አሉ። ስብሰባ በተደረገ ቁጥር ሻይ የሚያፈሉት እሳቸው ስለሆኑ እጅዎን ያውጡ ያላቸው ሰው የለም። ስማቸውንም የጠየቀ የለም፤ ሁሉም አክስት እያለ በላ፣ ተመረቀ፣ ሄደ።

አንዲት የአንደኛ ዓመት ልጅ አዲሱ ሕንጻ ወጥ ቤት አለው ወይ ብላ ጠየቀች። ቺዙሩ መልሱን ታውቀዋለች፤ ወጥ ቤት የለውም። በየክፍሉ አንዳንድ ምድጃ ተገጥሟል፤ ይህንንም ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ትልቅ ነገር ስታወድስላቸው የኖረችው እሷ ናት።

«አክስቴ፣ እርስዎ የት ይሄዳሉ?» አለች።

አክስት ሰዓቱን አዩ። «አምስት ደቂቃ ቀርቷችኋል። ልጆቹ ሜዳ ላይ ከሚቀሩ እኔ እስማማለሁ» አሉና እጃቸውን አወጡ። እጣቢው በክንዳቸው ወርዶ ክርናቸው ላይ ተንጠባጠበ።

ሃያ ስድስት እጅ። ቺዙሩ ተናደደች፤ በኒሺጋኪ፣ አርባ አንድ ዓመት ስሜ ይህ ነው ባላሉት ሴትዮ፣ ከሁሉም በላይ ሦስት ዓመት ከእጃቸው በልታ ስምዎ ማን ነው ባላለችው በራሷ።

«ሰብሳቢ» አለ ኒሺጋኪ፤ እንዲህ ሲለማመጥ ሰምታው አታውቅም። «ያንቺ ብቻ ነው የቀረው። ሰዓቱ እየሞላ ነው።»

የቺዙሩ ግራ እጅ መዝገቡ ላይ፣ ከላይኛው ስም አጠገብ ነበር። ቀኝ እጇን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ መዝገቡ አመጣችና ደረበችበት።