የፍስክ ድስት

ሸዋንግዛው፣ ቁልፏን በኪስ ይዘው እጀታዋን ሲነኳት ራሷ የምትከፈት መኪና ገዝቶ እንቅልፍ አጣ። ሌባ ከአጥር ውጭ ቆሞ የቁልፉን ሞገድ ይጠልፋል ሲሉት ቁልፉን ብረት ድስት ውስጥ ከድኖ ማሳደር ጀመረ። ድስቱ የፍስክ ነው።

«በዐቢይ ጾም የትኛው ክርስቲያን ይከፍተዋል?» ይላል ደረቱን ነፍቶ።

ሰርቪስ ቤት ተጠግቶ የሚኖረው የሚስቱ ወንድም ይህን በሰማ ቁጥር ምራቁ ይመረዋል። ለጨጓራው ብሎ ወተት ቢጠጣ፣ ይኸው ሸዋንግዛው በእንግዳ ፊት «ተነሳ ከጾመኛ ገበታ!» ብሎ እንደ ውሻ አባሮታል።

የሰሞነ ሕማማት ረቡዕ ቁልፉ ከድስቱ ጠፋ።

«እዚህ ቤት ጾም የማይፈራ አንተ ብቻ ነህ» አለ ሸዋንግዛው፣ መኪናዋ አጠገብ አቁሞት ራሱ ወደ በረንዳው ራቅ ብሎ። «እጀታዋን ንካ! ከተከፈተች ቁልፉ አንተ ጋ ነው፤ ጓዝህን ጠቅልለህ ትወጣለህ።»

የሸዋንግዛው ሚስት በረንዳ ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

«መኪናህን ደግሞ ሌባ ሻይ አደረግኻት?» አለና ነካት። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም።

«በጣትህ ጫፍ ነው እንዴ የምትነካው? እንዲህ ጨበጥ አድርገህ!» ብሎ ሸዋንግዛው ራሱ መጥቶ እጀታዋን ያዘ። መኪናዋ መብራቷን ብልጭ አድርጋ ተከፈተች።

ሸዋንግዛው የኮቱን ኪስ ዳበሰና ቁልፉን አወጣ። የረጋ ቅቤና የክትፎ ፍርፋሪ ተለጥፎበታል። በአውራ ጣቱ ጠረገው፤ ሳያስበውም ጣቱን ላሰ።