ከአስፋልቱ ማዶ የሚታይ ፊት

«ይቺ እሷ አይደለችም» አሉ አቶ ተፈራ፣ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው።

የመቃብር ድንጋይ የምትቀርጸው ሩት ማውሱን ለቀቀች። መርሳ ከተማ ላይ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ነገ የሚስታቸው የእታገኝ ሙት ዓመት ነው፤ ድንጋዩ ዛሬ ካልተቀረጸ መቃብሯ ያለ መልክ ሊቀር ነው። ያላቸው ፎቶ ይቺው ብቻ ናት፣ ከመታወቂያ ላይ የተላጠች፣ ግራጫ። መቅረጫ ማሽኑ ደግሞ ግራጫ አያውቅም፤ ድንጋዩን ወይ ይጭረዋል ወይ ይተወዋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ፊቷን በሙሉ መስመር በመስመር አድርጎታል፤ ጥላው ላይ ወፈር፣ ብርሃኑ ላይ ቀጠን እያለ።

«ምኗ ነው ያልሆነው አባባ?»

«አንገቷ። ባዶውን ነው።»

ሩት ፎቶዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። አንገቱን የዞሩትን ጭረቶች ጠዋት ከስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ጠርጋቸው ነበር። ንቅሳት ናቸው።

«ማርያምን! እድፍ መስሎኝ እኮ ነው።»

«እድፍ!» አሉ ተፈራ። «እጇን ይዘዋት፣ እሪ እያለች የተነቀሰችው ነው። ብትሰማሽ በሳቅ ትሞትብሽ ነበር።»

እሳቸው ግን አልሳቁም። ሩት ንቅሳቱን መለሰች፤ ጎልቶ እንዲታይም በዙሪያው ያሉትን መስመሮች አቀጠነቻቸው። ተፈራ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ አጎነበሱ።

«አሁንስ ጭራሽ ጠፋች። የታረሰ መሬት ነው የሚታየኝ።»

«ራቅ ብለው ይዩት። ድንጋይ ላይ ከወጣ ወዲያ ማረም የለም፤ እሺ ካላሉኝ አልነካውም።»

«ምን ያህል ልራቅ?»

«እስክትታይዎት ነዋ!» አለች፤ ዓይኗ አምፖሉ ላይ ነው።

ተፈራ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያሉ ደጃፉን አለፉ። ሩት ብርሃኑን ጨምራ ስክሪኑን ወደ በሩ አዞረችላቸው። ባጃጅ ጮኸባቸው። አስፋልቱን ተሻግረው ቆሙ። የወልድያ ሚኒባስ በመሀል አለፈ፤ ሲያልፍ እዚያው ናቸው።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቀስ ብለው እጅ ነሡ።

ሩት ሳታስበው ከወንበሯ ብድግ አለች። ወደዚህ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ ነው የሚያናግራት፤ እጅ የነሣት የለም። አጸፋውን ልትመልስ ጎንበስ ስትል፣ ሰላምታው ለእሷ እንዳልሆነ ገባት።

አምፖሉ አንዴ ብልጭ ድርግም አለ። ማሽኑን አላስነሳችም። ስክሪኑን እንዳትጋርድባቸው ወደ ግድግዳው ጥግ ተጠጋችና ቆመች።