ሠላሳ ሦስተኛው ገጽ

እትዬ በለጥሻቸው ከልቦለዱ አንድ ቅጠል ገንጥለው ጥቁር አዝሙድ ሲጠቀልሉበት፣ ደራሲው ፊታቸው ቆሞ ነበር። የበኩር መጽሐፉ ነው። አከፋፋዩ «አዲስ ደራሲ ማን ይገዛል?» ብሎ የተረፉትን ቅጂዎች ለመጠቅለያ ሸጧቸው፣ ይኸው መርካቶ በርበሬ ተራ ከቅመም ጆንያ ጎን ተቆልለዋል።

«እትዬ፣ እንዴት መጽሐፍ ይቀደዳል?» አለ።

«ታዲያ ምን ላድርገው ልጄ? ከገዛህ ግዛ፣ ካልገዛህ ገበያዬን አትዝጋብኝ!»

አንዱን ቅጂ ሊነጥቅ እጁን ሲሰድ አንዲት ወጣት ሴት በክርኗ ገፋ አድርጋው ቀደመች።

«እትዬ፣ የባለፈው መጠቅለያ ገጽ ሠላሳ ሁለት ላይ አለቀብኝ። በሩን ከፈተችለት?»

እትዬ በለጥሻቸው ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ሠላሳ ሦስተኛውን ገጽ ፈለጉ፤ እንዳይሸራረፍ በቀስታ ገንጥለው ኮረሪማ ጠቀለሉላት። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ።

«ከምትቆጣ አንተም ብታነበው ይሻልሃል። ደራሲው አዲስ ነው፣ ግን አያደክምም፤ ሽሮ እያማሰልክ ታነበዋለህ። መጨረሻው ብቻ አላማረኝም። እሱን እየቀደድኩ እጥለዋለሁ፤ መጨረሻውን እኔው ነኝ የምነግራቸው።»

ደሙ ፈላ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ!» ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ምን ብለው ነው የሚነግሯቸው?»

«ቆይ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሃል!» አሉና አዲስ ቅጂ አንስተው ገጽ አንድን ገነጠሉ። «ኮረሪማ ነው ጥቁር አዝሙድ?»