ፀጉር ከመስታወት ሥር

ኸይሪያ ሁለተኛውን ቋጠሮ በመርፌ ጫፍ ፈታችና ሦስተኛውን ጀመረች። ከቁርኣን ቁል አዑዙን እየቀራች በእያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ እፍ ትላለች። መርፌው ሁለቴ ጣቷን ወግቷታል፤ ልብ ያለችው ግን ደሙን ስታይ ነው።

ነገሩን ያገኘችው የታጠበ ልብስ ልታስቀምጥ የልጇን የአርዋን መሳቢያ ስትከፍት ነው። ዛሬ አሞኛል ብላ ሥራ ቀርታ ነው የዋለችው። ከካልሲዎቹ ሥር፣ በጥቁር ከፈይ የተጠቀለለ፣ ደረት ላይ የሚሰካ አሮጌ ብሮሽ አለ፤ ዙሪያው ወርቃማ፣ ፊቱ መስታወት። ከመስታወቱ ሥር የተቀመጠው ግን የሰው ፀጉር ነው። በቀጭኑ ተጎንጉኖ፣ በጥቁር ክር ቦታ ቦታው ላይ ተቋጥሮ፣ አበባ ሆኖ ተጠምዝዟል። ጫፉ ላይ የሂና ቅላት አለው። እዚህ ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ውስጥ ሂና የምትቀባ ሌላ ሴት አትጠፋም፤ የራሱን ፀጉር የማያውቅ ሰው ግን የለም።

ኸይሪያ ፀጉሯን በየሜዳው ጥላ አታውቅም። ከማበጠሪያው የወጣውን ለቅማ፣ በሶፍት ጠቅልላ መታጠቢያ ቤት ታስቀምጥና ወር ሲሞላ ከአፓርታማው ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ትቀብረዋለች። ደሴ ሳለች እናቷ ያስያዘቻት ነው፤ ፀጉር ጠላት እጅ ከገባ ያለቀለት ነገር ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ተጠንቅቃ፣ ይኸው በገዛ ቤቷ ተቋጥሮ ተቀመጠላት።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሐኪም ግራ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝቷል። ማክሰኞ ለባዮፕሲ በመርፌ ናሙና ሊወስዱላት ቀጥረዋታል። ባሏ ዐብዱሰመድ ከባድ መኪና ይዞ መንገድ ላይ ስለሆነ ለእሱ እንኳ አልነገረችም። ከየት መጣብኝ እያለች ስትብሰለሰል ከርማ፣ አሁን መልሱን በእጇ ያዘችው። አንድ ሰው ድግምት አስሮብኛል፣ አለች በልቧ። ማን ይሆን ብላ የዳላስን ሐበሻ ሴቶች አንድ በአንድ ገመገመች፤ ሰርግ ላይ ሰላም ያላለቻትን ሳይቀር። ፈርታለች፣ በጣም ፈርታለች፤ ቢሆንም ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጇ የምትሠራው ነገር አግኝታለች።

ያልገባት እንዴት ልጇ መሳቢያ ውስጥ እንደገባ ነው። አርዋ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዓመት ወዲህ እስከ አንገቷ የሚቆለፍ የዳንቴል ሸሚዝና መሬት የሚጠርግ ጥቁር ቀሚስ ካልሆነ አትለብስም። መስጊድ ያሉት ሴቶች «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ» ሲሉ ኸይሪያ ደረቷን ነፍታ ነበር። ዲን የገባት መስሏት ነዋ። ለካ ልጅቷ የምትከተለው ከሞተች መቶ ዓመት ያለፋትን የእንግሊዟን ንግሥት የቪክቶሪያን ዘመን ፋሽን ኖሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር የአሮጌ ዕቃ ገበያ ስትበረብር ትውላለች። ኸይሪያም ይሁን፣ ከሚራቆቱት ይሻላል ብላ ትታታለች። አሁን ግን ከዚያ ገበያ ምን ይዛ እንደገባች ስታስብ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

የውጭው በር ተከፈተ። አርዋ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ክፍሏ ገባችና የተከፈተውን ብሮሽ ስታይ ባለችበት ቆመች።

«ማሚ፣ ምን አደረግሽው? አሥር ቀን ሙሉ ሠርቼው።»

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አለች ኸይሪያ። «የናትሽን ፀጉር? ማን ነው ያዘዘሽ? ስሙን ብቻ ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም።»

«ማንም አላዘዘኝም። ኦንላይን አይቼ ነው። ቪክቶሪያንስ እንደዚህ ያደርጉ ነበር። ማለቴ፣ ፀጉር አይበሰብስም፤ ሶ የሚወዱትን ሰው ፀጉር ሴቭ አድርገው ጁወልሪ ይሠራሉ።»

«ድግምት አይደለም?»

«ኖ፣ ማሚ። ለሜሞሪ ነው።»

ኸይሪያ መርፌውን አስቀመጠች። እንግሊዝኛዋ እስከዚህም ነው፤ ያቺን ቃል ግን ታውቃታለች። የሟች ፎቶ ሥር ተጽፋ አይታታለች።

«ለሜሞሪ የሚሠራለት ሰው ምን ሲሆን ነው?»

አርዋ የአንገቷን ቁልፍ መነካካት ጀመረች።

«አርዋ፣ እየጠየቅኩሽ ነው።»

«ከሆስፒታል ኮል አድርገው ሜሴጅ ትተው ነበር። ካንቺ በፊት እኔ ሰማሁት። ባዮፕሲ ምን እንደሆነ ሉክ አፕ አደረግኩ።» ልጅቷ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። «ካንሰር ከሆነ መድኃኒቱ ፀጉር ያረግፋል ይላል። ሶ፣ ሳይረግፍ በፊት ብዬ ነው።»

ኸይሪያ ጭኗ ላይ የተበተነውን ፀጉር አየችው። ምነው ድግምት በሆነ ኖሮ። ድግምት ያሰረው ሰው አለው፣ ቁርኣን ይቀራበታል፣ ይፈታል። ይህን ግን ማንም አላሰረባትም። ያንን ሁሉ ቋጠሮ ስትፈታ ጡቷ ውስጥ ያለው እዚያው ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈርቻለሁ ስትል የነበረው ለካ ፍርሃት አልነበረም፤ ፍርሃት አሁን ነው የመጣው።

«ተቆጣሽ?» አለች አርዋ።

«አልተቆጣሁም።»

«ፈርተሻል?»

ልጅ ፊት ፈራሁ አይባልም። ኸይሪያ ኧረ ምን ያስፈራኛል ልትል አፏን ከፈተች።

«አዎ» አለች።

«ሚ ቱ።»

አርዋ አጠገቧ ተቀመጠችና ከተበተነው ፀጉር አንድ ዘለላ መርጣ አነሳች። «ይሄን ጫፍ ያዢልኝ። ታይት አድርጊው፤ ብቻዬን ስሠራ እየላላ ነበር ያስቸገረኝ።»

ኸይሪያ የገዛ ፀጉሯን በሁለት ጣቷ ያዘች። ፀጉሩ በሁለቱ መሃል ተወጠረ፤ አርዋም እንደገና መጎንጎን ጀመረች።