ውስጥ ሰው አለ?

መሐንዲሷ ለጋዝ ተርባይን የሚሆን፣ የሰጡትን ጋዝ ሁሉ የሚበላ፣ ጭስ ግን እምብዛም የማይተፋ ማቃጠያ ስትሠራ ወጣትነቷን ጨረሰች። እንዲህ ያለ ባል ቢገኝ ስንቷ ባገባች። ዛሬ ካልተለኮሰ ወርክሾፑ ይዘጋል ተብሏል።

እንደ ልማዷ ክዳኑን ከማጥበቋ በፊት ጎንበስ ብላ «ውስጥ ሰው አለ?» አለች። ቀደም ሲል «ጋሼ ብሎን» የሚሏቸው ሽማግሌ መካኒክ ከኋላዋ «የለም!» እያሉ ያስቋት ነበር። ከተቀበሩ ገና ወር አልሞላቸውም። ማቃጠያው እንደሆነ እንኳን ሰው ድመት አያስገባም።

ክዳኑን አጠበቀች። ገና ጋዝ ሳይከፈት የጭስ መለኪያው መርፌ ቀስ ብሎ ከፍ አለ፤ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ደግሞ ከፍ፣ ደግሞ ዝቅ፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ደረት ይመስል።

«መለኪያው ተበላሽቶ ነው» አለ አጠገቧ የቆመው አለቃዋ፣ ጣቱን የመለኮሻው ቁልፍ ላይ አድርጎ።

«አዲስ እኮ ነው፤ ትናንት ነው የገጠምኩት።»

«አንቺ ደግሞ፣ ብረት ነፍስ ዘራ ልትይኝ ነው? ልለኩሰው በቃ።»

«ቆይ አንዴ።»

ጆሮዋን ከቀዝቃዛው ብረት አስጠግታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ውስጥ ነዎት?» አለች።

መርፌው ባለበት ቀጥ አለ፤ ተደብቆ ሲጠሩት ትንፋሹን እንደሚውጥ ሰው።