የመንታዎቹ ካርዶች

የላብራቶሪ ባልደረቦቿ «ድጋሚ» ይሏታል። የመረመረችውን ደም ሁለተኛ ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም። ይስቁባታል፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች።

ሥራዋ ከአራስ ሕፃናት ተረከዝ ተወስዶ ካርድ ላይ የደረቀ ደም መመርመር ነው። የምትፈልገው በዘር የሚወረስ ክፉ ሕመም ነው፤ ለያዘው ሕፃን የእናቱ ጡት ራሱ መርዝ ይሆንበታል። ቶሎ ከተደረሰበት ልዩ ወተት እየጠጣ ያድጋል። ከዘገየ ግን አንጎሉ ይጎዳል፤ ያንን የሚመልስ ሐኪም የለም።

ሰኞ ጠዋት አለቃዋ ሁለት ወረቀት ፊቷ ዘረጉ። የመንታ ልጆች ውጤት ነው፤ አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ፣ ሁለቱም ጤነኛ። ቁጥሮቹ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ናቸው።

«ከአንዱ ካርድ ሁለቴ ቆርጠሻል» አሏት።

«ኧረ በሕግ! እኔ?»

«መንታ ቢሆኑስ፣ ወንድና ሴት ደማቸው እንዲህ ይገጥማል? ያላየሽው ልጅ ቢታመም ምን ልትይ ነው?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይሁን፤ ድጋሚን በስንፍና መጠርጠር ግን የለየለት ግፍ ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሁለቱንም ካርዶች እዚያው እፊታቸው ቆርጣ ማሽኑ ውስጥ ከተተች።

ውጤቱ ያው ሆነ።

«ማሽኑ ይሆናል» አለች።

«ማሽኑ የሌሎቹን ሠላሳ ልጆች እንዴት ለየ ታዲያ? ስም የሚለጠፈው በማን እጅ ነው?»

በእሷ እጅ ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የገዛ እጇን መጠርጠር ጀመረች። በመጨረሻ ስልኩን አንስታ እናትየዋን ጠራች።

እናትየዋ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ታቅፋ መጣች። ድጋሚ መጀመሪያ ሴቷን ወጋች። ልጅቱ ክፍሉን በጩኸት አናወጠችው፤ አለቃው ሳይቀሩ ጆሯቸውን ያዙ።

«ጎሽ፣ ጉልበት አላት። አሁን ወንዱን ስጪኝ።»

«ቀስ ብለሽ፣ እህቴ። እንዳይነቃ።»

ተረከዙን ወጋችው። ልጁ እግሩን እንኳ አልሰበሰበም። እናቱ በኩራት ፈገግ አለች።

«አየሽልኝ የኔን ጨዋ? ያን ቀን ደም ሲወሰድም ተኝቶ ስለነበር አንጀቴን በላውና፣ ነርሷ ዞር ስትል እሷኑ በሱ ፎጣ ጠቅልዬ መልሼ ሰጠኋት፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ ለጡት እንኳ አይነቃም።»