የታችኛው ከተማ ቃል

«አንቀጽ ሰባት ላይ ተቃውሞ አለ?» ይላል ሰብሳቢው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ወረቀት ይገለጣል፣ አንድ ወንበር ሲጢጥ ይላል፣ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድባል። እጆቼን ጠረጴዛው ሥር፣ በጉልበቶቼ መሃል ደብቄያቸዋለሁ።

የከተሞች ማኅበራችን ደንብ አጭር ነው። አንድ ሐሳብ የሁላችን የጋራ አቋም ሆኖ ለፓርላማ የሚቀርበው አንድም ከንቲባ ካልተቃወመው ነው። ሰብሳቢው ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል። አንዴ ከጸደቀ ፓርላማ ፊት ቆሞ «እኔ እንኳ አላመንኩበትም ነበር» ማለት የለም፤ ሁላችንም አንድ አፍ ነን። በዚህ አንድ አፍ ስንት ሕግ አስለውጠናል፤ እኔም እስከ ዛሬ እኮራበት ነበር።

አንቀጽ ሰባት ስለ ግድቡ ነው። ሰብሳቢው ከግድቡ በላይ ያለው ከተማ ከንቲባ ነው፣ እኔ ደግሞ ከግድቡ በታች ያለው። ግድቡ ሲሞላ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ የእሱን ከተማ ያጥለቀልቃል፤ በሮቹ ሲከፈቱ የእኔን የወንዝ ዳር ሰፈር ጠራርጎ ይሄዳል። ዛሬ ባለው ሕግ እኔ «የወንዝ ዳር ሰው ተነሥቷል» ሳልል በሮቹ አይከፈቱም። አንቀጽ ሰባት ይህን ይሰርዘዋል። ከእንግዲህ የግድቡ ሰዎች ራሳቸው ወስነው ይከፍታሉ፤ ለእኔ ይነገረኛል እንጂ አልጠየቅም።

እናቴ የምትኖረው ወንዝ ዳር ነው። «ከዚያ ውጪ» ብዬ ለምኜ ለምኜ ሰልችቶኛል። «ወንዙን ካንቺ በፊት ነው የማውቀው» ትለኛለች፤ ከንቲባ መሆኔ ለእሷ ምኗም አይደለም። ዛሬ ጠዋት ሰማዩ መጥቆሩን አይቼ፣ ምክትሌን ሰዉን ማስነሣት ጀምር ብዬው ነው የመጣሁት።

«ለሁለተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ። ተቃውሞ አለ?»

አሁን ዓይኑ እኔ ላይ ነው። የሚጮህ ሰው አይደለም፤ የሚያስፈራው ይልቅ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከተማ ለከተማ ዞሮ፣ አንዱን ለምኖ ሌላውን ተቆጥቶ፣ ይህን ሁሉ ሰው ያስማማው እሱ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት አንጋፋ ከንቲባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላሉ። በስብሰባ ሲናገሩ ተሰምተው ስለማያውቁ «ጋሽ ዝምታ» ነው የምንላቸው።

«ልጄ፣ ምነው ፊትሽ ዐመድ መሰለ?»

«ጋሼ፣ ልቃወም ነው።»

«ብቻሽን?» አዳራሹን ዞር ዞር ብለው ይቃኛሉ። «በይ እንግዲህ፣ እኔ አላየሁሽም።» ወንበራቸውንም ፈቀቅ ያደርጋሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

እፈራለሁ። እንዲህ የምፈራ ሰው መሆኔን ራሱ አላውቅም ነበር። የተሰበረው ድልድያችን እንዲሠራ የሚጮህልን ይኸው ማኅበር ነው፤ ነገ ጀርባቸውን ቢሰጡኝ ለማን አቤት እላለሁ?

«እንግዲህ ለመጨረሻ ጊዜ...»

እጄ ይወጣል።

«እቃወማለሁ» እላለሁ፤ ድምፄ ቀጥኖ ነው የሚወጣው። «ሰው መውጣቱ ሳይረጋገጥ በር ይከፈት በሚለው አልስማማም።»

«ኤዲያ!» ይላል አንዱ ከኋላ። ሰብሳቢው ግን አይቆጣም። እስክሪብቶውን አንሥቶ አንቀጹን ከላይ እስከ ታች ይሰርዘዋል።

«ወድቋል። የታችኛው ከተማ ቃል እንደ ድሮው ይጠበቃል ማለት ነው። እንኳን ደስ ያለዎት፣ ክብርት ከንቲባ።»

ደስ አላለኝም። ቢሆንም እስትንፋሴ መለስ ይላል።

ስልኬ የሚጮኸው ይኼኔ ነው። የግድቡ ተረኛ ሠራተኛ ነው።

«ክብርት ከንቲባ፣ ግድቡ እስከ አፉ ሞልቷል። የወንዝ ዳር ሰው ተነሥቷል?»

እንዲጠብቀኝ ነግሬው ምክትሌ ጋ እደውላለሁ። መጀመሪያ የሚሰማኝ ነፋስና ዝናብ ነው፤ ከዚያ እሱ፣ እያለከለከ። «ሁሉንም አውጥተናል። እናትሽ ብቻ ቀርተዋል። በሩን ከውስጥ ቆልፈውብናል፣ መጥረቢያ እየመጣልን ነው። ትንሽ ጊዜ ስጪን!»

ቀና ስል አዳራሹ በሙሉ እኔን ያያል። ሰብሳቢው ስልክ ጆሮው ላይ እንደለጠፈ በወንበሮቹ መሃል ወደ እኔ ይመጣል። ያ የሚያስፈራኝ ፊት የለም፤ እሱም እንደ እኔው ፈርቷል።

«ውኃው ቤቴ ገብቷል» ይላል። «ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ጣራ ላይ ወጥታለች። እህቴ፣ ይክፈቱት በያቸው።»

ወደ ተረኛው መስመር እመለሳለሁ። «ተነሥቷል» ልበል እልና የእናቴ የተቆለፈ በር ይታየኛል። እንዳልል ደግሞ ይኸው ሰውየው ፊቴ ቆሟል።

«ገና ነው» ይላል አፌ። «አንድ ሰው ቀርቷል። አትክፈቱ።»

ከሰብሳቢው ስልክ የሴት ድምፅ ይሰማል፤ ከኋላዋ ልጅ ያለቅሳል።

«ከፈቱት ወይ? ንገረኝ እንጂ፣ ከፈቱት?»

ሰብሳቢው ስልኩን ከጆሮው ያወርድና ለእኔ ያቀብለኛል።